እጅ ከጋቢ ውጭ

ሰባት ነበርን። ስማችንን አንድ በአንድ የምጽፈው፣ የነበረ እንዳይረሳ፣ ያልነበረም ነበርኩ እንዳይል ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብርቄ። ታናሽ ወንድሟ ሾፌሩ ደምሴ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ተክሌ። የአልዩ አምባው የትምባሆ ነጋዴ ሙሄ። ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ዘነበ። ወጥ ቤቷ ጌጤ። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ በመስኮቱ ሥር በነበረችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት የምጠግነው። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ የደሴ መኪኖች ለቁርስ የሚቆሙበት የእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት ነው። ጊዜው ኅዳር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ ጥቂት ደቂቃ በኋላ።

ከሰባታችን አንዷ አሁን የለችም። ባለፈው ቅዳሜ ሙሄ ጭነቱን ገበያ አውርዶ አሁን ሰዓት ወደምጠግንበት መስኮት መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ ብርቄ አረፈች» አለኝ። «ሐሙስ ዕለት ጎረቤላ ተቀበረች። ወላሂ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሸኝቻታለሁ።»

መቆንጠጫዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ሳላስበው ሁለቱንም እጆቼን ከጋቢዬ ውስጥ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ሙሄ አየኝና እሱም የራሱን ዘረጋ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግን የሚገባው ቤቷን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

እትዬ ብርቄ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ይሆናት ነበር። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትራመድ መሬቱን የምትቆጣ የምትመስል ሴት ነበረች። ቀኝ ዓይኗ ከግራው ትንሽ ያንሳል፤ ሰው ሲዋሻት ያንን ዓይን ጨርሳ ትጨፍነዋለች። አንቱ መባል አትወድም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ብያት ምግቡን ፊቴ አስቀመጠችና ሳትሄድ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን ደብቀኸኛል?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም።»

«አንቱ የሚለኝ ሰው ሁሉ የሚደብቀኝ ነገር አለው። አንቺ በለኝና በሰላም ብላ።»

ቤቷ ርዝመቱ አሥራ አንድ፣ ወርዱ ስድስት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት በር። አንዱ በር ወደ ጎዳናው፣ ሌላው ወደ ጓዳው ያወጣል። በጓዳው በር ላይ ብርዱን እንዲይዝ ወፍራም የመንዝ ባና በምስማር ተመትቶ ነበር። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። በዚሁ ብርድ የተነሳ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ይውላል፤ ሾፌሮቹ ያጨሳሉ፤ ጭሱም መውጫ አጥቶ ከጣሪያው በታች ተጋድሞ ይቆያል። የሰዓት ጥርስ የምመለከትበትን መስታወት በቀን ሦስት ጊዜ እወለውል ነበር። እትዬ ብርቄ ጭሱን አትወደውም፤ ግን አትከለክልም። «እንግዳ ነው፤ ምን እለዋለሁ?» ትላለች እያሳለች።

ይሁን እንጂ የሚያጨስ ሁሉ በማንም ፊት አያጨስም። በእኛ አገር ሰው በአባቱ፣ በንስሐ አባቱ ወይም በታላላቆቹ ፊት ሲጋራ አይዝም። ሽማግሌ ብቅ ሲል ሲጋራው ወደ መዳፍ ይገለበጣል፣ እጅ ወደ ጋቢ ይገባል፣ ሰውየው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ሽማግሌውም ጭሱ እየሸተተው እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ያን ሐሙስ ጠዋት ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። ደምሴ ከበርሜል ወደ መኪናው ቤንዚን በጎማ ስቦ ሲቀዳ እጁን አረጠበው። በቡትቶ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን ወደ ካፖርቱ የቀኝ ኪስ ከተተው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ጌጤ ደጅ ላይ እጁን አስታጠበችው። በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ገባና ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ከሙሄ የገዛውን ትምባሆ በወረቀት ጠቅልሎ ለኮሰ።

ደምሴ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናታቸው የሞተችው እሱ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ስለሆነ ያሳደገችው እትዬ ብርቄ ናት። «እታለም» ነው የሚላት።

«እታለም!» ብሎ ተጣራ። «ቁርሱ ጣርማ በርን ዞሮ ነው የሚመጣው?»

«አንተ የነካኸው መኪና ይመስል አልነሣም ብሎኝ ነው» አለችው ከጓዳ።

ሙሄ ሳቀ። እሱ እዚያ ቤት ሻይና ዳቦ ብቻ ነበር የሚወስደው፤ ለብቻው የተቀመጠለት ብርጭቆም ነበረው። «ቅጠሉ እንዴት ነው?» አለው ደምሴን።

«ጉሮሮ ይቧጥጣል።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው፣ አልሀምዱሊላህ።»

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና መምሬ ተክሌ ገቡ። ሁላችንም ተነሣን። የደምሴ ቀኝ እጅ ከነሲጋራው ጋቢው ውስጥ ገባ። ሌላ ጊዜ መምሬ ሰላም ብለው ወደ ጥጋቸው ያልፋሉ፤ ያን ዕለት ግን በቀጥታ ወደ እሱ ሄዱ። እትዬ ብርቄ የመኪናውን ፍሬን ፈርታ «ዛሬ የጣርማ በርን ቁልቁለት ይወርዳል፤ ይጸልዩለት» ብላ ልካባቸው ኖሯል። መስቀላቸውን አወጡ። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። መምሬ መስቀሉን ራሱ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና ጸሎት ጀመሩ። እትዬ ብርቄ፣ ጌጤ፣ አቶ ዘነበ አንገታቸውን ደፉ። ሙሄም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ጠረጴዛዬ ላይ የአቶ ዘነበ ሰዓት ጀርባዋ ተከፍቶ ትሠራ ነበር። የሰከንድ ቆጣሪዋን እየተከታተልኩ ስለነበር በደንብ አላጎነበስኩም። ያኔ ከደምሴ ጋቢ አንገትጌ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ሲወጣ አየሁ።

በመጀመሪያው ሰከንድ፣ መዳፉ ውስጥ አጥፍቶታል፣ የሲጋራው ጭስ ነው አልኩ። አራተኛው ላይ ጭሱ ወፈረ። አምስተኛው ላይ ሽታው ተለወጠ፤ የትምባሆ ሳይሆን የጨርቅ ሽታ ሆነ። ሰባተኛው ላይ የደምሴን ፊት አየሁት። ጥርሱን ነክሷል፤ ውርጭ ባለበት ጠዋት ግንባሩ ላይ ላብ ተንጠባጥቧል፤ ግን አልተነቃነቀም። መስቀሉ ራሱ ላይ ነው፤ እንዴት ይነቃነቅ? ዘጠነኛው ላይ አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? መምሬ፣ ጸሎቱን ያቁሙ፣ ደምሴ ሲያጨስ ነበር ልበል? ገበናውን በንስሐ አባቱና በእህቱ ፊት ላውጣ? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አሥራ አንደኛው ላይ የረጠበ ልብስ ሲራገፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማና እሳቱ ከወገቡ እስከ ጆሮው ወጣ።

ጌጤ ጮኸች። የመምሬ እጅጌ ተያያዘ፤ እሳቸውም ወደ ኋላ ወደቁ። ደምሴ ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ በሩ ሳይሆን ሁለት ቆርቆሮ ላምባ ወደተቀመጠበት ጥግ ነበር። እትዬ ብርቄ የጓዳውን ባና ከነምስማሩ ነቅላ ከኋላው ተወረወረችበት። ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ። በክብደቷ ተጭናው፣ ባናውን ከታችም ከላይም እየጠቀጠቀች፣ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» ትለዋለች። ሙሄ እግሩ ላይ ተኝቶ ያዘው። አቶ ዘነበ ላምባውን አንዱን በአንዱ እጅ፣ ሌላውን በሌላው ይዞ ወደ ጎዳናው ወጣ። እኔ ሰዓቷን ይዤ ቆሜ ነበር። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

ባናው የበግ ጠጉር ስለሆነ እሳቱን አፈነው። ሲገለጥ መሐሉ ላይ የሰሃን ያህል ቀዳዳ ነበረበት።

ደምሴ አልሞተም። ከዳሌው እስከ ጆሮው ሥር ተቃጠለ፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች አንድ ላይ ተጣበቁ። መሪ መያዝ አበቃለት። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍል አስተኛችው። ቁስሉ በሳምንት በሳምንቱ ሲጠግግ እናይ ነበር። ያልጠገገው ሌላው ነው። ክብሪት ሲጫር ከአልጋው ይወድቃል። የሲጋራ ሽታ ከአዳራሹ በግድግዳው ስንጥቅ ሲገባበት ሁለት ቀን አይበላም። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሾፌር ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲያጨስ፣ ደምሴን በክፍሉ የኋላ መስኮት ዘሎ፣ ቁስሉ እንደተገለጠ፣ ውርጩ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ቁስሉን የሚያጥብለት ድሬሰር እትዬ ብርቄን ወደ ደጅ ጠርቶ፣ «ሥጋውስ ይድናል። እንዲህ እየደነገጠ ካልበላና ካልተኛ ግን አይተርፍልሽም» አላት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አዳራሹ መሐል ቆመች። ከበሬሳ ወንዝ ያስመጣችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከበሩ ውጭ አስቀምጣለች። የተቃጠለውንም ባና ከድንጋዩ በላይ በምስማር ሰቅላዋለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሲጋራ አይገባም» አለች። «ማጨስ የፈለገ ባናውን ይልበስ፣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ፣ ጨርሶ ይግባ። የሚገባም ሁሉ እጁን ያሳየኝ። እጅ ከጋቢ ውጭ!»

ከዚያ ቀን በኋላ ይህ የቤቱ ሰላምታ ሆነ። ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ ተማሪው የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ሁለቱንም እጁን ያወጣል፤ እሷ በትንሿ ዓይኗ ታያለች፤ ከዚያ «ግባ» ትላለች። መምሬ ተክሌ እንኳ አልቀሩም። እሳቸው ትምባሆን ከመናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እያሉ ሲያወግዙ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን ሲያሳዩ እጅጌያቸው ሥር የራሳቸው ጠባሳ ታየ። «ከእኔ ፈርቶ እኮ ነው ብርቄ» አሏት ቀስ ብለው። እሷ ወንበር ሳበችላቸው።

ሰዉ ዝም ብሎ አልተቀበላትም። ለሳምንታት ወሬው ይኸው ነበር።

«ሰው ከደሴ ብርድ ሲጠጣ አድሮ መጥቶ ደጅ ቆሞ ያጭስ?» አላት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር።

«ባና አለልህ።»

«ባናሽ ቀዳዳ ነው!»

«በቀዳዳው እያየህ አጭስ።»

አቶ ዘነበ የሕግ ቃል ይወዳል። «እትዬ ብርቄ፣ ምግብ ቤት ማለት የሕዝብ ቦታ ነው። በሕዝብ ቦታ ይህ ይፈቀዳል፣ ያ ይከለከላል የሚለው መንግሥት ነው። አንቺ በምን ሥልጣንሽ?»

«የሕዝብ ቦታ ከሆነማ» አለችው፣ «ከግድግዳው ወዲያ የተኛውስ ሕዝብ አይደለም? አንተ ለሰዓት ተኩል ነው የምትቀመጠው። እሱ የሚሄድበት የለውም።»

አቶ ዘነበ ብዕሩን አገላበጠና «ይህ ክርክር ነው» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሙሄ ደግሞ ያለቅስባት ነበር። «ገበያዬን ዘጋሽው እኮ፣ እትዬ ብርቄ።»

«ሽጥ። ማን ከለከለህ? ካጨሱ ደጅ ያጭሱ ነው ያልኩት፤ አያጭሱ መች አልኩ? አሳስተህ አታውራብኝ።»

ግማሹ ደንበኛ ወደ ማዶው ቤት ሄደ። ጠረጴዛዎቹ ባዶ ሲውሉ እትዬ ብርቄ በእነሱ መካከል እየተመላለሰች አንድ ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር፤ ለእኛ ይሁን ለራሷ ያኔ አልገባኝም። «ካያችሁ ተናገሩ። ይቅርታው በኋላ ይደርሳል።»

ጥር ላይ ደምሴ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረ። የካቲት ላይ ገንፎ ለመነ። መጋቢት ውስጥ ግድግዳውን ይዞ ወደ አዳራሹ ወጣና ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። በግራ እጁ የሰዓት ብሎኖችን በመጠናቸው ይለይልኝ ጀመር። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው። ባዶ መሆኑን ሲያይ ትንፋሹን ይለቃል፤ እኔም አብሬው እለቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ ሻምበሉ መጣ።

ስሙን አልጽፍም። በዚያን ጊዜ በከተማችን ስሙ ሲነሣ ሰው ድምፁን ይቀንስ ነበር። ላንድሮቨሩ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁለት ሰዎች ውስጡ ቀሩ፤ እሱ ብቻውን ገባ። ቤቱ ውስጥ እትዬ ብርቄ፣ ደምሴ፣ አቶ ዘነበና እኔ ነበርን። መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ሻይ አዘዘ። ከዚያ ሲጋራ አውጥቶ ክብሪት ጫረ።

ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ደምሴ ከወንበሩ ተንሸራትቶ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቷል። በግራ እጁ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማኛል። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ ላይ የጣቶቹ ምልክት ጠቁሮ ነበር።

እትዬ ብርቄ ወጥታ ባናውን ይዛ ገባች። «ጌታዬ» አለች፣ «እዚህ ቤት አይጨስም። ውጭ ብርድ ነው፤ ይህን ይልበሱ።» ለሰው አንቱ ስትል ከዚያ በፊት የሰማሁት ለመምሬ ብቻ ነው። ፈርታለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ሻምበሉ ባናውን ከላይ እስከ ታች አየው። «እጅ ከጋቢ ውጭ የምትይው አንቺ ነሽ አሉ» አላት። ሲጋራውን የያዘበትን እጅ አነሣው። «ይኸው እጄ። ጋቢም አልለበስኩ። ምን ደበቅኩሽ?»

«ምንም አልደበቁም።»

«እንግዲያው ምን ጎደለሽ?»

አቶ ዘነበ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯል፤ ብዕሩ ግን አይጽፍም። እትዬ ብርቄ ወደ ጠረጴዛዬ ዞር ብላ ከሥሩ ያለውን አየች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። ባናውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቀኝ መዳፏን ከሲጋራው ሥር ዘረጋች።

«መተርኮሻ የለንም» አለች። «እዚህ ላይ አጥፋው፣ ልጄ።»

ፈገግ አለ። ሲጋራውን በጣቱ መታ አደረገው። አመዱ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ከአመዱ ጋር አንዲት ቀይ ፍም አብራ ወደቀች። እጇ አልተነቃነቀም። ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ልማዴ አንድ ሰዓት ክፍት ነበር። ሳልፈልግ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። የሲጋራውን ጫፍ ወደ መዳፏ ዝቅ አደረገ። ሦስት። አራት ላይ እግሬን ከደምሴ እጅ አላቅቄ ተነሣሁ።

«ያቃጥላታል» አልኩ።

የተናገርኩት ይህችን ብቻ ነው። ግማሹ አልወጣም ይሆናል። ሄጄ የጎዳናውን በር እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ነፋሱ ገባ። አቶ ዘነበም ተነሥቶ ቆመ።

ሻምበሉ አንድ በአንድ አየን። እኔን ሲያይ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ይህንንም ልጻፈው። ከዚያ ተነሣ፤ ባናውን ሳይነካ ወጣ፤ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ሲጋራውን እስከ መጨረሻው አጨሰ። ሲጨርስ ድንጋዩን ትቶ በበሩ መቃን ላይ ደፍጥጦ አጠፋው። መኪናው ሲነሣ ማናችንም አልተቀመጥንም።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አቶ ዘነበ ሁለት ጊዜ አነበበላት። ቤቱ ለሕዝብ ጤና የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ ተዘግቷል ይላል።

«ጭስ ስለጎደለው ነው ያልተስማማው?» አለችና ሳቀች። ሳቋን ሳል ተከተለው።

አቶ ዘነበ ሦስት ማመልከቻ ጻፈላት። መልስ አልመጣም። ሰኔ ሳይገባ ዕቃዋን በሙሄ ጭነት መኪና ጭና ወደ አንኮበር፣ ወደ እናቷ ዘመዶች አገር ወደ ጎረቤላ ሄደች። ድንጋዩን ሁለት ሰው አነሣላት። ባናውን ደምሴ ተከናንቦት ነበር።

ያን ቀን ነው የነገርኳት። ሌሎቹ ጭነቱን ሲያስሩ እሷ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ሄድኩና ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ።

«እትዬ ብርቄ፣ ያን ሐሙስ ጭሱን አይቼው ነበር» አልኳት። «እሳቱ ሳይነሣ። አይቼ ዝም አልኩ።»

ትንሿን ዓይኗን የምትጨፍን መስሎኝ ጠበቅኩ። አልጨፈነችም።

«ሰዓት ይዘህ አልነበር?» አለችኝ። «ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ ሰከንድ።»

«ለእኔ ግን ረዘመብኝ።» ወደ በሩ ተመለከተች። «ካንተ ቀድሜ ነው ያየሁት። ልጁ የእኔ ነው፤ ሲያጨስ የት እንደሚደብቅ አላውቅምን? መምሬ ፊት ላዋርደው ብዬ ፈራሁ። ጌጤም አይታለች፤ አልቅሳ ነግራኛለች። መምሬም ሸትቷቸው ነበር፤ ጸሎቱን ላቋርጥ ወይስ ልጨርስ ሲሉ ነው የደረሰብን። እኔ ሲጋራ የከለከልኩ ይመስላችኋል እናንተ፤ የከለከልኩት አይቶ ዝም ማለትን ነው።»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። መዳፏ ላይ ያለችው የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ተሰማችኝ።

«ደምሴ ማንም እንዳላየው ነው የሚያስበው» አለች። «በራሴ ጥፋት ነው፣ አንድ ሰው ቢያየኝ ኖሮ ይደርስልኝ ነበር ይለኛል። ሻምበሉ ፊት እጄን ዘርግቻለሁ። ይህን ለእሱ መንገር ግን አቃተኝ። አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። እኔ ካልቻልኩ አንተ ንገረው።»

እሺ አልኳት። መኪናው ሄደ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ጎረቤላ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ እጄን ደፉ ላይ አሳይቼ፣ ሳልናገር ተመልሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስወጣ በትንሿ ዓይኗ አየችኝ።

አሁን እሷ የለችም፤ ዝም የምልበት ምክንያትም የለኝም። ደምሴ፣ አይተንህ ነበር። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አልነበረም። ጭሱን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ አይቼ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ቆጥሬያለሁ።

የቀራችሁት ደግሞ ጨምሩበት። መምሬ ተክሌ፣ ሽታው የደረሰብዎ ጸሎቱ የት ላይ ሳሉ ነው? ጌጤ፣ አንቺ ከቆምሽበት ምን ይታይ ነበር? አቶ ዘነበ፣ ጭሱን ሳታይ ላምባውን እንዴት በዚያ ፍጥነት አነሣኸው? ሙሄ፣ ቅዳሜ ዕለት እጅህን ዘርግተህ ሳለ አንድ ነገር ልትለኝ አፍህን ከፍተህ ነበር፤ ሰዓት የሚያሠራ ሰው መጣና ዝም አልክ። የተሳሳትኩበትም ካለ አርሙኝ፤ ከሰከንዶቹ በቀር በሁሉም ልሳሳት እችላለሁ። መጻፍ የምትችሉ ጻፉልኝ፤ የማትችሉ በመስኮቴ በኩል ኑና ንገሩኝ። ስትመጡ ግን እንደ እሷ ቤት ይሁን፤ እጅ ከጋቢ ውጭ።